ከኦሃዮ ያመጣሁት ቃታ

አስቀድሜ ልናዘዝና ልገላገል። እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ጓደኞቼ «ብሬ ቢጫ መብራት ካየ ንስሐ አባቱን ይጠራል» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እውነታቸውን ነው። ቶሮንቶ ሰባት ዓመት ስኖር አንድም ቀን ሳልከፍል ባቡር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ፖሊስ ከኋላዬ ሲመጣ ምንም ባላጠፋም እጄን መሪው ላይ አስተካክላለሁ። ጠመንጃማ ከሩቅ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው በገዛ መኪናው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ክልክል የሆነ የጠመንጃ ዕቃ ጭኖ ድንበር የተሻገረው። የሚገርመው ስሻገር ቅንጣት አልፈራሁም። ፍርሃቱ የመጣው በማግስቱ ነው፤ ሲመጣ ግን ከነወለዱ መጣ።

ያኔ የምኖረው ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነበር። የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ባለቤቴ ሰናይትና ልጃችን ማርታ አዲስ አበባ ነበሩ። ከአገር ስወጣ ማርታ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ዘጠኝ ሞልቷታል። ጥርሷ ሲነቀል ያየሁት በስልክ ነው፤ ፊደል ስትቆጥር የሰማሁትም በስልክ። ጠዋት ጠዋት የሰው ልጆች እየጫንኩ «ጉድ ሞርኒንግ» ስላቸው የራሴን እያሰብኩ በማርታ ስም ልጠራቸው የምደርስባቸው ቀናት ነበሩ።

ዜግነት እንዳገኘሁ እነሱን የማመጣበትን የስፖንሰርሺፕ ፋይል አስገባሁ። ሕክምናው አለቀ፣ ወረቀቱ ሁሉ ተሟላ፤ የቀረው «ፓስፖርታችሁን ላኩ» የሚል አንድ ኢሜይል ነበር። አውቶቡሱን ከማስነሳቴ በፊት ስልኬን አያለሁ፤ የለም። ልጆቹን አድርሼ አያለሁ፤ የለም። ፋይሉን የሞላልኝ ሰው መጀመሪያ ቀን ያለኝ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም ነበር፤ «እስኪያልቅ ድረስ ከማንም ጋር እንዳትጋጭ። ክስ ከተከፈተብህ ፋይሉ ባለበት ይቆማል፤ መቼ እንደሚንቀሳቀስ እግዜር ያውቃል።» ለፈሪ ሰው እንዲህ ተብሎ አይነገርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግሬ መንገድ ስሻገር እንኳ ግራ ቀኙን ሁለቴ አያለሁ።

መስፍን ማለት ቶሮንቶ የገባሁ ቀን ከአየር ማረፊያ የወሰደኝ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር በነበረው ጠባብ ቤቱ ሳሎን ውስጥ አራት ወር ያስተኛኝ ሰው ነው። ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ሳቂታ፣ ለጋስ፣ ችኩል ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የጠመንጃ ፍቅር ያዘው። ኮርሱን ወሰደ፣ ፈቃዱን አወጣ፣ ጠመንጃውን በተቆለፈ ሣጥን ያስቀምጣል፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም በሕግ ነበር። በአደን ወቅት ጋሽ ደምሴ ከሚባሉ ሽማግሌ ጋር ወደ ሰሜን እየወጣ ቆቅ የምትመስል የዚህ አገር ወፍ ያድናል። እኔንም «ና» ይለኛል፤ እኔም «አውቶቡስ ይበቃኛል» እላለሁ።

ባለፈው ጥቅምት የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ ሲያገባ በመኪናዬ ሄድኩ። ሰርጉ ቅዳሜ ነበር። እሑድ ጠዋት ልመለስ ስል መስፍን ደወለ።

«ብሬ፣ አንድ ልጅ ትንሽዬ ዕቃ ያመጣልሃል፤ ይዘህልኝ ና።»

«እሺ፣ ችግር የለም።»

ልጁ መጣ፤ የልብስ ሳሙና የምታህል፣ ዙሪያዋን በቡናማ ፕላስተር የተጠቀለለች ዕቃ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ከባድ ነበረች። «አደራህን» አለኝ፤ «ኧረ ችግር የለም» አልኩት። ምን እንዳለባት አልጠየቅሁም።

ለምን አልጠየቅህም የሚለኝ ካለ የኛ ሰው አይደለም። በኛ ወግ የታሸገ አደራ ተቀብሎ «ምን አለበት?» ማለት ሰውየውን ሌባ ነህ እንደማለት ነው። እኔ ራሴ ለማርታ ጫማ፣ ለሰናይት መድኃኒት፣ በማላውቀው ሰው ሻንጣ ስንት ጊዜ ልኬያለሁ! ማንም አንድም ቀን ከፍቶ አላየም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ብለን ያደግን ነን። ዕቃዋን አክስቴ ለመንገድ ብላ ድፎ ዳቦ ያሰረችበት ፌስታል ውስጥ ከተትኳትና መንገዴን ቀጠልኩ።

ዊንድዘር ድንበር ላይ ያለችው ሠራተኛ ወጣት ናት። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ ከሰርግ አልኳት። ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ፤ ዳቦ አልኳት። ፈገግ አለች።

«የሌላ ሰው ዕቃ ይዘሃል?»

«አይ፣ ሁሉም የኔ ነው።»

ማልልን ብትሉኝ እምላለሁ፣ ይህን ስል እየዋሸሁ መሆኔ አልታወቀኝም። የመስፍን ዕቃ እኮ የኔ ዕቃ ነው፤ ወንድሜ ነው። ለፈረንጅ ይህን ማስረዳት ደግሞ ከኋላዬ የተሰለፈውን መኪና ሁሉ ማስቆም ነው ብዬ አሳጠርኩት።

«የጦር መሣሪያ ወይም የመሣሪያ ዕቃ?»

«ኧረ በፍጹም!»

ይህን ያልኩት ከልቤ ደንግጬ ስለነበር ሳቋ መጣ፤ ፓስፖርቴን መልሳ በሰላም ግባ አለችኝ። ያቺ ሴት ፊቴን አይታ አመነችኝ። እስከ ዛሬ ሳስባት አፍራለሁ።

በማግስቱ ሰኞ የምስጋና ቀን በዓል ስለነበር ሥራ የለም። ረፋድ ላይ መስፍን እየሳቀ መጣ። ጋሽ ደምሴ ታች መኪና ውስጥ እየጠበቁት ነው፤ ወደ ሰሜን ሊወጡ ነው። ዕቃዋን ከፌስታሉ አውጥቼ ሰጠሁት። እዚያው ምግብ የምበላበት ጠረጴዛ ላይ ፕላስተሩን በቢላ ቀደደው። ከውስጥ ጥቁር የብረት ቁራጭ ወጣ፤ ከሥሯ የጣት መሳቢያ አላት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቃታ! ግን ተራ ቃታ አይደለም፤ ቆይ ላሳይህ።»

ስልኩን ከፈተ። አንድ ጺማም ፈረንጅ ቆሞ ይተኩሳል። ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የማያቋርጥ ነው፤ ቀለሁ በጎኑ ይረግፋል። ሰውየው ሲጨርስ ዞሮ እንደ ሕፃን ይስቃል።

«አየህ?» አለኝ መስፍን፤ ዓይኑ በርቷል። «ይሄን ስትገጥምበት እንደ መትረየስ ነው የሚለቀው። ተኩስ መለማመጃው ሬንጅ ስትሄድ ወሬው ሁሉ እሱ ነው፤ ሁሉም ሰው ቪዲዮውን ሲቀባበል ነው የሚውለው። አሜሪካ እኮ እንደ ማስቲካ ነው የሚሸጡት።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ያው ታውቃለህ፤ ካናዳ ሁሉ ነገር ክልክል ነው።»

«ክልክል» የምትለዋን ቃል ስሰማ ወንበር ሳብኩ። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።

«መስፍን፣ ይሄን በፖስታ ለምን አላዘዝከውም?»

«በፖስታ ያዘዙ ሁለት ልጆች አውቃለሁ። ቦርደር ላይ ተያዘ፤ ከዚያ ፖሊስ ቤታቸው መጥቶ ያላቸውን ጠመንጃ ሁሉ ለቀመው። አንደኛው እስካሁን ኮርት ይመላለሳል።»

ይህን ያለው የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው። 

«ስለዚህ በኔ አስመጣኸው?»

«ብሬ ሙት፣ አንተን ማን ይጠረጥርሃል? ፊትህን ሲያዩ እኮ ይለቁሃል።»

ስልኬን አንስቼ ሕጉን ፈለግሁ። ፊደሉን ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። አገኘሁት። መያዝ ወንጀል ነው። ከውጭ ማስገባት ደግሞ የባሰ ወንጀል ነው፤ ከጎኑ የተጻፈው የእስር ዘመን ማርታን አስረኛ ክፍል የሚያደርስ ነው። ያስገባው ማነው? እኔ። «ሁሉም የኔ ነው» ያለው ማነው? እኔ። የመኪናዬ ታርጋ፣ የፊቴ ምስል፣ ሰዓቱ ሳይቀር እዚያ ድንበር ላይ ተመዝግቧል።

«እዚሁ ጣለው» አልኩት። «ስበረው። ልጄን አስባት።»

«ሪላክስ በል እንጂ! አልፏል እኮ። ማን ያያል? ዛሬ አንዴ ልሞክረውና አስቀምጠዋለሁ።»

ኪሱ ከተተው። እንዳልጣላው አራት ወር የተኛሁበት ሶፋ በዓይኔ ላይ መጣ። እንዳልተወው ያቺ ብረት ከዓይኔ ከራቀች በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ስሜን የምትጠራ መሰለኝ። ፈሪ ሰው የሚሠራውን ነገር እንግዲህ እዩ፤ ጃኬቴን ለበስኩና «እኔም እሄዳለሁ» አልኩት። ደስ አለው! ሐሳቤን የቀየርኩ መስሎታል።

ጋሽ ደምሴ ሰባውን ያለፉ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ፣ እዚህ አገር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከፊት ተቀምጠዋል፤ እኔ ከኋላ ነኝ። ስለ ቃታው የሚያውቁት ነገር የለም። አውራ ጎዳናውን ይዘን አንድ ግማሽ ሰዓት እንደሄድን የፖሊስ መኪና ከኋላችን ገባ። መስፍን ያፏጫል። እኔ ወደ ኋላ ላለማየት አንገቴን አደረቅሁ፤ ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል። የፖሊሱ መብራት ቦግ አለ። አለቀ አልኩ። ሰናይትን ምን እላታለሁ? ማርታን ምን እላታለሁ? መኪናው አልፎን ከፊታችን የሚበር ቀይ መኪና አስቆመ።

«ብርሃኑ ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉ ጋሽ ደምሴ በመስታወት እያዩኝ።

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

«ላብ በላብ ሆነህ ምኑን ደህና ሆንክ? መስኮቱን ክፈትለት አንተ።»

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አንድ የሚያውቁት ገበሬ የፈቀደላቸው ቦታ ደረስን። ሜዳ ነው፤ ከጀርባው የአፈር ቁልል አለ፣ ዙሪያውን ቅጠሉ የቀላ ዛፍ። ሁለት ታጣፊ ወንበር ዘረጉ። ጋሽ ደምሴ በአንዱ አጠገብ ቆመው ከፔርሙዝ ሻይ ይቀዳሉ፤ እኔ በአንዱ ተቀመጥኩ። መስፍን ዒላማ የሚሆን የእንጨት ሰሌዳ ተከለና ከመኪናው ኋላ ጎንበስ ብሎ ከጠመንጃው ጋር ሲታገል ቆየ። ሲመለስ ፊቱ የጥምቀት ልጅ መስሏል።

«ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

ሲነግራቸው ሽማግሌው ኩባያውን ዝቅ አደረጉ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ብሬ ነው ከስቴትስ ያመጣልኝ፤ ይባረክ!»

ጋሽ ደምሴ ዞረው አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም። 

«ለመሆኑ ይሄ ነገር ለምን ይጠቅማል?» አሉት።

«ለፈን ነው ጋሼ፣ ለጨዋታ። ሃያ አምስቱን ጥይት በሦስት ሴኮንድ ነው የሚጨርሰው!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ትሞላዋለህ።»

«ሃያ አምስት ጥይት የገባባትን ቆቅ ልትበላት ነው ወይስ ልትለቅማት?» አሉ። «ስማ ልጄ። በኛ ጊዜ ሩምታ የሚለቀው የደነገጠ ምልምል ነበር። ያለ የሌለውን ጨርሶ ባዶ ብረት ታቅፎ ይቀራል። ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ ይሉት ይሄ ነው። አንዷን ጥይት ማሳረፍ ያቃተው ነው ብዙ የሚያምረው። አሁን አውጣና ጣለው።»

«ጋሼ ደግሞ! እኔ ጦርነት አልሄድ። ይቺ የወፍ ጥይት እኮ ናት፤ አንዴ ብቻ።»

«ወፍ የገደለ ጥይት ሰው አይምርም» አሉ። ተቆጥተዋል።

በዚህ መሀል ስልኬ ጠራ። ሰናይት ናት። እነሱ ሲከራከሩ ከወንበሬ ተነሳሁና እንዳይሰማ ወደ መኪናው ራቅ አልኩ።

«ብርሃኑ! አየኸው?» ትጮኻለች። «ኢሜይሉን አየኸው?»

«የምን ኢሜይል?»

«ፓስፖርት ላኩ አሉን! ብርሃኑ፣ መጣ እኮ! መጣ!» ታለቅሳለች። ከኋላዋ ማርታ «አባዬ! አባዬ!» እያለች ስትዘል ይሰማኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ቃል ስሰማ ምን እንደምሆን አስቤ ነበር፤ ተንበርክኬ መሬት እስማለሁ ብዬ ነበር። አሁን ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ብያዝ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ያን ጊዜ ከኋላዬ ሰማይ ተቀደደ።

በቪዲዮ እንደሰማሁት አልነበረም። የጨርቅ ቀደዳ ነው፤ ድምፁ ከዛፎቹ እየተመለሰ ደረቴን መታኝ። ዞርኩ። መስፍን ሰሌዳው ፊት ቆሞ ይተኩሳል፤ የእንጨት ፍንጣሪ ይበራል፣ አፈሩ ይጨሳል፣ ከላይ ከዛፍ ቅጠል ይረግፋል። ከዚያ በድንገት ቀጥ አለ።

«ምንድነው እሱ?» አለች ሰናይት። ሳቋ ጠፍቷል። «ብርሃኑ፣ ተኩስ ነው?»

«አይ... እንጨት... እንጨት እየሰነጠቁ ነው።»

መስፍን ያለቀ መሰለው። ጠመንጃውን እንደያዘ፣ ጣቱም ቃታው ላይ እንዳለ፣ እንደዚያ ጺማም ፈረንጅ እየሳቀ ወደኛ ዞረ። «አያችሁ?» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ጥይቱ ግን አላለቀም፤ ብረቱ ነክሶት ቆሞ ነው እንጂ።

ጧ ጧ ጧ ጧ!

አፈሙዙን አየሁት። ክብ፣ ጥቁር፣ ትንሽ ቀዳዳ ናት። ከዚያ ፊቴ ሣር ውስጥ ነበር። እንዴት እንደወደቅሁ አላውቅም። ስልኩ ከእጄ ወጥቷል፤ ከሣሩ ውስጥ የሰናይት ድምፅ «ብርሃኑ! ብርሃኑ!» ይላል። አልነካሁትም። መንቀሳቀስ ፈራሁ፤ ብንቀሳቀስ የተመታሁት የት እንደሆነ ማወቄ ነው። ማርታ ብቻ፣ ማርታ ብቻ እላለሁ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠና ዝም አለ።

ቀና ስል ጋሽ ደምሴ በደረታቸው መሬት ላይ ተዘርግተዋል። አይንቀሳቀሱም። አጠገባቸው ሻዩ ፈስሶ አፈሩ ላይ ይጨሳል። እየዳህኩ ሄድኩ። «ጋሼ! ጋሼ!» እላለሁ፤ ትከሻቸውን ልነካ እጄን እዘረጋና እመልሳለሁ። ሞተዋል ብዬ ደመደምኩ። አንድ ሽማግሌ ገደልኩ፤ ከኦሃዮ ድረስ በዳቦ ፌስታል ሞት አመጣሁላቸው።

«ጠመንጃውን አስቀምጧል?» አሉ ከመሬቱ ሳይነሱ፣ በቀስታ።

«እ?»

«አስቀምጧል ወይ ነው የምልህ! እያየህ ንገረኝ።»

መስፍን ጠመንጃውን ሣሩ ላይ ጥሎ ሁለት እርምጃ ርቆ ተንበርክኳል። ያስታውካል።

«አስቀምጧል ጋሼ።»

ያን ጊዜ ተነሡ። ጭረት የለባቸውም፤ እንደ ድሮ ወታደር ገና አፈሙዙ ሲዞር ነው የወደቁት። ሄደው ጠመንጃውን አነሡ፣ ጥይቱን አራገፉ፣ አፉን ወደ አፈሩ አድርገው አስቀመጡት። ከዚያ እኔ የነበርኩበትን ወንበር አዩ።  እኔም ሄጄ አየሁ። መደገፊያው ሸራ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። ሁለቱም የትንሿን ጣቴን ጫፍ ያስገባሉ፤ ከፍታው የደረቴ ነው።

ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰናይት ባትደውል ኖሮ እዚያ ላይ ነበርኩ። ፓስፖርት ላኩ የተባልኩበት ቀን ነው እኮ!

«ብሬ... ብሬ ይቅር በለኝ...» ይላል መስፍን። ጥርሱ ይጋጫል።

ጋሽ ደምሴ አልሰደቡትም። «ያን ዕቃ በገጠምክበት እጅህ አውጣው» አሉት ብቻ። ሲያወጣ ሁለት ጊዜ ጣለው። በመሐረባቸው ጠቅልለው ተቀበሉትና «ይሄ ዛሬውኑ ለሕግ ይገባል» አሉ።

«ጋሼ፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ድምፄ የኔ አይመስልም። «ቤተሰቤ አሁን... አሁን ገና ነው ፓስፖርት የተጠየቁት።» ከዚያ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አላፍርም፤ አለቀስኩ።

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ አንድ ስልክ ደወሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ምእመን የሆኑ ጠበቃ ወይዘሮ ሒሩት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ቢሮ አላቸው፤ በዓል ቢሆንም ኑ አሉን። ስንመለስ መኪናውን የነዱት ጋሽ ደምሴ ናቸው።  ለሰናይት «ስልኬ ወድቆ ነው፣ ደህና ነኝ፣ እንኳን ደስ አለን» ብዬ ጻፍኩላት፤ አጻጻፌን ሁለት ጊዜ አስተካከልኩ።

ወይዘሮ ሒሩት ሁሉንም ሰሙ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ጠበቃ የደንበኛውን ስም ሳይጠራ ለፖሊስ ማስረከብ እንደሚችል፣ እሳቸውም ይህንን እንደሚያደርጉ ነገሩን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ድንበር ላይ ምን ብለህ ነበር የመለስከው?»

«ሁሉም የኔ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ያለ ስም ነው የሚገባው፤ ይህ ማለት ግን ማንም አይጠይቅህም ማለት አይደለም። ዋስትና ልሰጥህ አልችልም። የሚጠይቅህ ከመጣ ምንም ሳትል እኔን ጥራ። ውሸት ግን ሁለተኛ እንዳትናገር» አሉኝ።

ሁለት ወር ያህል እንዴት እንደኖርኩ አትጠይቁኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሽንት ቤት እገባለሁ። አንድ ቀን ለልጆቹ ስለ መንገድ ደኅንነት ሊያስተምር ፖሊስ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲመጣ አውቶቡሴ ወለል ላይ ተቀምጬ የወደቀ ቁልፍ የምፈልግ መሰልኩ። ኪሎዬ ቀነሰ። መስፍን ጠመንጃውን ሸጦ ጨርሶ ተወው፤ ጋሽ ደምሴ ናቸው የነገሩኝ። እሱ ሲደውል አላነሳም። ተቀይሜው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼውም ነበር። ስሙ ስልኬ ላይ ሲመጣ ያቺ ጥቁር ቀዳዳ ትታየኛለች።

ማንም ሳይመጣ ታኅሣሥ ገባ፤ ሰናይትና ማርታ መጡ። አየር ማረፊያ ማርታ ከእናቷ ጀርባ ሆና ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «በስልክ ትልቅ ነበርክ» አለችኝ። አቅፌያት ቆምኩ፤ ሰው እየገፋን ያልፋል፣ እኔ አልንቀሳቀስም።

በሦስተኛው ቀን ማርታ ካርቱን ስታይ ሰናይትን ወጥ ቤት አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ዕቃዋን፣ ድንበሩን፣ ወንበሩን። ሳላቋርጥ ነገርኳት። 

«ተኩስ መሆኑን አውቄዋለሁ» አለችኝ።

«እንዴት?»

«የኛ አገር ሰው ተኩስና የእንጨት ፍልጥ ይጠፋዋል? ሁለት ወር ሙሉ ላልጠይቅህ አፌን ይዤ ኖርኩ። ብጠይቅህ የምትለኝን ፈራሁ።» ዓይኗ ሞላ። «ወንበሩ ላይ ሆነህ ቢሆን ኖሮ መርዶህን ማን ነበር የሚነግረኝ?»

አሰብኩ። እዚህ አገር የሷን ስልክ የሚያውቅ፣ የናቷን ቤት የሚያውቅ፣ እንባውን ውጦ ሽማግሌ ወደ ቤታችን የሚልክ አንድ ሰው ነው ያለኝ።

«መስፍን» አልኳት።

«እንግዲያው ደውልለት» አለችኝ። «ሁለታችሁም በሕይወት እያላችሁ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ጠመንጃ ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ እኔ ለናንተ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ የጋሽ ደምሴ ይበቃችኋል። እኔ የምለምናችሁ ስለ ሻንጣችሁ ነው። የሰው ዕቃ ስትቀበሉ ጠይቁ። ክፈተውና አሳየኝ በሉ። አሁን እኔ እንደዚያ ነኝ። ዱቄትም ቢሆን ካላየሁ አልይዝም፤ ከዳንፎርዝ እስከ ኮሎምበስ «ብርሃኑ ጠርጣራ ሆነ» ተብሎ ተወርቷል። ቢወራ ይወራ። እምነት ማለት አለመጠየቅ ይመስለኝ ነበር። ወዳጅ ቢጠየቅ አይከፋውም፤ የሚከፋው ካለ ከዚያ ዕቃ ራቁ። ፈሪ መሆኔን ደግሞ አልተውኩም። የዚያን እሑድ ትንሽ ፈርቼ ቢሆን ኖሮ ሰኞን ያን ያህል አልፈራም ነበር።

ለመስፍን ያን ቀን አልደወልኩም። በማግስቱም አልደወልኩም። ይቅር ብዬው አልነበረም፤ አሁንም ጨርሶ ከልቤ ወጥቷል ብል እዋሻለሁ። በሳምንቱ ማርታ በረዶ ልታይ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ሳለ ስልኩን አነሣሁ። ገና አንዴ እንደጠራ አነሳው። ምን እንደምለው አላዘጋጀሁም ነበር። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«ገቡ?» አለኝ።

«ገቡ» አልኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት፤ ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅሁት።